ጠንካራ ሴት ገጸ ባሕርይ እንዴት ትሳላለች?

ባለፈው ወር እኛ የሥነ ጽሑፍ ክበብ አባሎች ለዚህ የግድግዳ ጋዜጣ የሚሆን አጭር ልቦለድ በኅብረት ጽፈን ነበር። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ጠመንጃ አንጋች፣ በቅሎ ጋላቢ፣ ማንንም የማትፈራ ሴት ነበረች። በየገጹም «ወንድ ናት!» እያልን አሞገስናት። ጽሑፉ በክበባችን ስብሰባ ላይ ሲነበብ ግን አንዲት ሠልጣኝ እኅታችን ሳቀችና፣ «ይቺ ሴትዮ እኮ ምንም አልሠራችም! ሽፍቶቹ ሲመጡ ያዳናት ወንድሟ ነው። ታዲያ ጠመንጃው ለጌጥ ነው እንዴ?» አለችን። እርስ በርስ ተያየን። እውነቷን ነበር። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበውም ከዚያ ስሕተት የተማርነውን ለማካፈል ነው።

በመጀመሪያ፣ በልቦለድ ውስጥ ጠንካራ ገጸ ባሕርይ ማለት ጉልበተኛ ማለት አይደለም። የሚፈልገውን የሚያውቅ፣ ራሱ የሚወስን፣ ለውሳኔውም ዋጋ የሚከፍል ማለት ነው። ለሴትም ሆነ ለወንድ መለኪያው ያው ነው።

ታዲያ እኛ የት ላይ ተሳሳትን? «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እየሰማን ነው ያደግነው። ክፍል ውስጥ ስንጠየቅ «ኋላ ቀር አባባል ነው» ብለን እንቃወመዋለን። ብዕር ስንይዝ ግን ሳይታወቀን የታሪካችን መዋቅር እናደርገዋለን። ሴቲቱ ታውቃለች፣ ታቅዳለች፣ ትፎክራለች፤ መጨረሻ ላይ ግን ነገሩ በወንድ ያልቃል። ስለዚህ ጽሑፋችንን ስንመረምር የመጀመሪያው ጥያቄ «የታሪኩን ቋጠሮ የፈታው ማን ነው?» የሚል መሆን አለበት።

ሁለተኛው ስሕተት ጥንካሬን ከልብስና ከመሣሪያ ጋር ማምታታት ነው። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተሙትና በኋላ «ጦቢያ» እየተባለ በታወቀው ልቦለድ፣ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር የጠፋውን ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። ልብሱ ለመንገድ የሚሆን መሸሸጊያ ነው እንጂ ጥንካሬዋ አይደለም። ጥንካሬዋ «ወንድሜን ሳላገኝ አላርፍም» ብላ ከቤት መውጣቷ ላይ ነው።

ጠንካራ ሴት የግድ ማሸነፍም የለባትም። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) የፊታውራሪ መሸሻ ልጅ ሰብለ ወንጌል በዛብህን ፍለጋ ከአባቷ ግቢ ወጥታ መንገድ ትጀምራለች። በመጨረሻም የምታገኘው በሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ነው። ጥንካሬ ማለት ድል ማድረግ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰብለን ደካማ ባልናት ነበር። ነገር ግን ሂጂ ብሎ የላካት ማንም የለም፤ የወሰነችው ራሷ ናት። ለዚህም ነው አንባቢ የማይረሳት።

ሦስተኛው ነገር ችሎታ ነው። እዚህ ላይ ከልቦለድ ወጣ ብለን ከታሪክ እንማር። በ1888 ዓ.ም. ከዐድዋ ጦርነት በፊት የኢጣሊያ ጦር መቀሌ ላይ ምሽግ ይዞ አልበገር ባለ ጊዜ፣ እቴጌ ጣይቱ የምሽጉ ውኃ እንዲያዝ ዘዴ አመጡ። ምንጩ ተያዘ፤ በውኃ ጥም የተጨነቀውም ጦር ምሽጉን ለቀቀ። የእቴጌይቱን ጥንካሬ የምናየው ጠላት ያለ ምን መኖር እንደማይችል ማሰባቸው ላይ ነው። አንድ ደራሲ ይህን ትቶ «እቴጌይቱ እጅግ ብልህ ነበሩ» ብሎ ብቻ ቢያልፍ ምን ይጠቅመናል?

ከዚህ ተነሥተን አንድ ቀላል መልመጃ እናቀርባለን። በረቂቃችሁ ውስጥ ስለ ሴቲቱ የጻፋችኋቸውን «ደፋር»፣ «ብልህ»፣ «ጀግና» የሚሉ ቅጽሎች በሙሉ ሰርዙና ግሶቹን ብቻ አንብቡ። ጥንካሬዋ አብሮ ከተሰረዘ ቀድሞውኑ አልነበረም ማለት ነው። «ደፋር ነበረች» ከማለት ይልቅ፣ የዕቁቡ ጸሐፊ ሒሳብ ሲያዛባ በሰው መካከል ተነሥታ «ደብተሩ ይታይ!» ስትል አሳዩን። እጇ እየተንቀጠቀጠ ብትል ደግሞ የበለጠ እናምናታለን፤ ምንም የማትፈራና ፈጽሞ የማትሳሳት ሴት ሐውልት እንጂ ሰው አትሆንም።

«ይህ ሁሉ ለዕጩ መምህር ምን ያደርግለታል?» የሚል አይጠፋም። ነገ በየገጠሩ ትምህርት ቤት ስንመደብ ምንባብ የምናዘጋጀው፣ ተረት የምንተርከው እኛው ነን። ጧት ውኃ ቀድታ፣ ቤት ጠርጋ፣ አርፍዳ ገብታ ከኋላ የምትቀመጥ ተማሪ ትኖረናለች። የምናነብላት ታሪክ ሁሉ በወንድ የሚያልቅ ከሆነ፣ ያንን ተረት እኛው ራሳችን እያስተማርናት ነው፤ ያውም በመምህር አንደበት።

እኛም ልቦለዳችንን እንደገና ጽፈነዋል። ጠመንጃውን ወስደንባታል፤ በምትኩ አገሩንና መንገዱን ጠንቅቃ እንድታውቅ አድርገናል። ሽፍቶቹ ሲመጡ ትፈራለች፣ አንድ ጊዜም ትሳሳታለች። ወንድሟ አሁንም ሊያድናት ይመጣል፤ ሲደርስ ግን ነገሩ አልቋል። በሚቀጥለው እትም ይወጣልና አንብባችሁ ፍረዱን። ያቺ እኅታችንም ብዕሯን ይዛ ትጠብቀን።