የኃያላን ቃል ስንት ያወጣል?

ሰሞኑን ስልኬን በከፈትኩ ቁጥር አንድ ክርክር ይጠብቀኛል። «አሜሪካ እስከ መቼ ነው የሰው ሀገር ዘብ ሆና የምትኖረው?» የሚል። ቲክቶክ ላይ አለ፣ ቴሌግራም ላይ አለ፣ ኮሜንቱማ አይጣል ነው። ግማሹ «ሁሉም የራሱን ቤት ራሱ ይጠብቅ» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ትልቅ ሀገር መሆን እኮ ለዚህ ነው» ብሎ ይመልሳል። መሀል ላይ «እኛን ምን አገባን? የራሳችን ጣጣ መች አነሰን?» የሚልም አይጠፋም።

እኔ ግን ያገባናል ባይ ነኝ። ይህን ጉዳይ አያቶቻችን በደማቸው ያወቁት ነውና። ተስፋ ተሰጥቶን ተክደናል፤ ለሌላው ደርሰናል፤ ኃያላን ወዳጅ ሲቀያይሩም መሀል ላይ ተገኝተናል። እስቲ አንድ በአንድ እንየው።

ኢትዮጵያ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል የሆነችው በ1916 ዓ.ም. ነበር። የማኅበሩ ውል ግልጽ ነው፤ ቃሉን አፍርሶ አንዱን አባል የወጋ ሁሉንም እንደወጋ ይቆጠራል። መስከረም 1928 ዓ.ም. የሙሶሊኒ ጦር መረብን ሲሻገር ማኅበሩ ጣሊያንን ወራሪ ነሽ አላት፤ ማዕቀብም ጣለ። ማዕቀቡ ውስጥ ግን ነዳጅ አልነበረም! የሱዌዝ ቦይም አልተዘጋም። ወታደርና መሣሪያ የጫኑት መርከቦች ዘና ብለው አለፉ። እንግሊዝና ፈረንሳይ «ሙሶሊኒ ከተከፋ ከሂትለር ጋር ይወግንብናል» ብለው ፈርተው ነበር። ጭራሽ ከኢትዮጵያ ሰፊ መሬት ቆርሰው ለጣሊያን የሚሰጡበትን ዕቅድ በምስጢር አዘጋጁ። ሰኔ 23 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ላይ ሊናገሩ ሲቆሙ የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ረበሿቸው። በቀናት ውስጥ ማዕቀቡ እንዲነሳ ተወሰነ።

ታዲያ እንግሊዝና ፈረንሳይ ምን አተረፉ? አራት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ያው ሙሶሊኒ ከሂትለር ጎን ተሰልፎ በሁለቱም ላይ ጦርነት አወጀ። ኢትዮጵያን ከፍለው የገዙት ሰላም አራት ዓመት አልቆየላቸውም።

ከዚያ ደግሞ ተራው የኛ ሆነ። ሰሜን ኮሪያ ደቡቡን ስትወር ንጉሠ ነገሥቱ ያንኑ በ1928 የተነፈጉትን የጋራ ደኅንነት ሐሳብ ይዘው ጦር ለመላክ ወሰኑ። ሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ጅቡቲ ላይ መርከብ ተሳፈረ። ብዙዎቹ ኮሪያ የሚባል ሀገር መኖሩን ከዚያ በፊት የሰሙ አይመስለኝም። ከ120 በላይ የኛ ልጆች እዚያ ወደቁ፤ አንድም የተማረከ የለም። አፍንጮ በር አካባቢ የቆመው መታሰቢያ ለእነሱ ነው።

ይህን ጽሑፍ በሳምሰንግ ስልክ እያነበባችሁ ከሆነ ደግሞ ነገሩ እጃችሁ ላይ ነው። ያኔ ደቡብ ኮሪያ በጦርነት የደቀቀች ደሃ ሀገር ነበረች። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1953 የመከላከያ ውል ፈርማ ጦሯን አቆየች፤ ዛሬም 28,500 ገደማ ወታደሮች እዚያ አሉ። ሀገሪቱ ከዚያ ከለላ ሥር ሆና ነው ፋብሪካዋን የተከለችው። የሀገሪቱ ሕዝብ ላቡን አንጠፍጥፎ ሠርቷል፤ ግን ነገ እወረራለሁ እያለ በሚያድር ሕዝብ መሀል ማን ገንዘቡን ያፈስሳል?

«ይሄ ሁሉ በነጻ አይደል እንዴ?» ለሚለው፣ አይደለም። ደቡብ ኮሪያ በቬትናም ጦርነት ከአሜሪካ ጎን ከ300,000 በላይ ወታደሮቿን አፈራርቃ አዝምታለች። የኔቶን ነገር ደግሞ ተመልከቱ። «አንዱ ከተነካ ሁሉም ተነካ» የሚለው አንቀጽ 5 ሥራ ላይ የዋለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም እ.ኤ.አ. ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ፣ ለአሜሪካ ተብሎ! የሕዝቧ ቁጥር 1.3 ሚሊዮን ገደማ የሆነው ኢስቶኒያ አፍጋኒስታን ላይ ዘጠኝ ወታደሮች ሞተውባታል። የአዲስ አበባን ግማሽ እንኳ የማታክል ሀገር ናት እኮ። ለትልቁ የደረሰችው ትንሿ ነበረች።

በሌላ በኩል የነዚያ «ይቅርባቸው» ባዮች ክርክር ባዶ አይደለም። የኔቶ አባላት ከገቢያቸው ሁለት በመቶውን ለመከላከያ እናውላለን ብለው እ.ኤ.አ. በ2014 ቃል ገቡ፤ ብዙዎቹ ግን ለዓመታት ሲያንገራግሩ ቆዩ። የኦሃዮ ገበሬ ወይም የሚሺጋን የፋብሪካ ሠራተኛ «እነሱ ጡረታና ሕክምና ሲያሳምሩ እኔ ለምን ታንካቸውን እገዛለሁ?» ቢል ምን ብለን እንመልስለታለን? የኛ አባባል መልስ አለው፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ»። ሸክሙን ማካፈል ያባት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ዘ ሄግ ላይ አባላቱ እስከ 2035 ወጪያቸውን ወደ አምስት በመቶ ለማሳደግ የተስማሙትም ለዚህ ነው። ሸክም አካፍሉኝ ማለት አንድ ነገር ነው፤ ሎሚውን በትኖ መሄድ ግን ሌላ።

ሦስተኛውን ታሪክ ልጨምር። በ1969 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የነበረን የሃያ ምናምን ዓመት ወዳጅነት ፈረሰ፤ አሥመራ የነበረው የቃኘው ጣቢያም ተዘጋ። ሐምሌ ላይ ዚያድ ባሬ ሶቭየት ባስታጠቀችው ጦር ኦጋዴን ገባ። ሶቭየት ደግሞ ሶማሊያን ትታ ወደ ኢትዮጵያ ዞረች፤ በመሣሪያዋና በኩባ ወታደሮች እገዛ ጅግጅጋ በ1970 ዓ.ም. ተመለሰች። እኛ ያን ጊዜ ተጠቀምን፤ ደስም ይለናል። ግን የእኛ መዳን በሞቃዲሾ ዓይን ክህደት እንደነበረ አትርሱ። ዛሬ ለአንተ ብሎ ሌላውን የተወ፣ ነገ ለሌላው ብሎ አንተን ይተውሃል።

ስለዚህ የኔ አቋም ይህ ነው። ኃያላን ቃል የገቡላቸውን ትንንሽ ወዳጆች መጠበቃቸውን መቀጠል አለባቸው፤ ለጽድቅ ሳይሆን ለራሳቸው ሲሉ። ዩክሬን እ.ኤ.አ. በ1994 በግዛቷ የነበረውን የኒውክሌር መሣሪያ ለማስረከብ ስትስማማ አሜሪካ፣ እንግሊዝና ራሷ ሩሲያ ድንበሯን እንደሚያከብሩ ፈርመውላት ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን በስልካችሁ እያያችሁት ነው። ይህን ያየ ትንሽ ሀገር ምን ይማራል? «ወረቀት አያድንም፤ የራሴን ቦምብ ልሥራ» ይላል። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ይህ ድምፅ ከቀን ወደ ቀን እየጎላ ነው። ሁሉም ወደዚያ ከሄደ ደግሞ ዋሽንግተንም ሞስኮም በሰላም አያድሩም።

ለትንንሾቹም አንድ ቃል አለኝ። ውል ፈርሙ፤ ወዳጅ አብዙ፤ ግን ሙሉ ክብደታችሁን በሰው ትከሻ ላይ አትጣሉ። የጄኔቫው አዳራሽ ዝም ባለበት በዚያ ዓመት ጫካ ገብተው ለአምስት ዓመት ጣሊያንን እንቅልፍ የነሱት አርበኞች ናቸው። እንግሊዝ በመጨረሻ ለመርዳት ስትመጣ ባዶ ሜዳ አላገኘችም፤ የሚዋጋ ሕዝብ ጠበቃት። ወዳጅም ቢሆን የሚያግዘው የራሱን ጫፍ ይዞ የሚያነሳን ነው።