ከአገሮች በላይ የሚቆም ሕግና የተራራ ኑሮ

በዛሬው ጽሑፋችን ስሙ የከበደ፣ ነገሩ ግን ያን ያህል የማይከብድ ጉዳይ ይዘን ቀርበናል። ከአገሮች በላይ የሚቆም ሕግ ለተራራና ለተራራ ነዋሪ ምን ይፈይዳል? የሚለውን ነው። ጂኦግራፊ የምንማር ሠልጣኞች የተራራን ከፍታ፣ የአየር ጠባይና የአፈር መሸርሸር እናጠናለን። ተራራው በማን ሕግ እንደሚተዳደርና ክርክር ሲነሳ ማን እንደሚፈርድ ግን በትምህርታችን ውስጥ እምብዛም አይነሳም።

ለምሳሌ የመረጥነው በአውሮፓ መካከል ያሉትን የአልፕስ ተራሮች ነው። ለምን ቢሉ፣ ይህ ዓይነቱ ሕግ በተራራ ላይ በሚገባ የተፈተነው እዚያ በመሆኑ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይሏል።)

በመጀመሪያ ቃሉን እንፍታው። አገሮች ተሰብስበው ውል ሲፈራረሙ ዓለም አቀፍ ሕግ እንለዋለን። ውሉን የሚጠብቁት ፈራሚዎቹ ራሳቸው ናቸው። አንዱ ቢያፈርስ ሌላው ይወቅሰዋል፣ ይኳረፋሉ፤ ነገሩ ብዙ ጊዜ ከዚያ አያልፍም። ከአገሮች በላይ የሚቆም ሕግ፣ ምሁራን ልዕለ ብሔራዊ የሚሉት፣ ከዚህ አንድ እርምጃ ይሄዳል። አገሮቹ ከሥልጣናቸው ቆርሰው ለአንድ የጋራ አካል ይሰጣሉ። ያ አካል የሚያወጣው ሕግ አንዱ አገር ባይወደውም እንኳ ያስገድደዋል። ተራው ዜጋም በአገሩ ፍርድ ቤት ቆሞ ይጠቅሰዋል።

ዛሬ የአውሮፓ ኅብረት የሚባለው ማኅበር የቆመው በዚህ ሥርዓት ላይ ነው። በሉክሰምቡርግ የተቀመጠው ፍርድ ቤቱ በ1963 አንድ የሆላንድ የጭነት ኩባንያ በቀረጥ ጉዳይ ባነሳው ክርክር፣ የኅብረቱ ውል ለመንግሥታት ብቻ ሳይሆን ለግለሰብም መብት ይሰጣል ሲል ፈረደ። በ1964 ደግሞ አንድ ኢጣሊያዊ የመብራት ሂሳብ አልከፍልም ብሎ በጀመረው ሙግት የጋራው ሕግ ከአገር ሕግ እንደሚበልጥ ወሰነ። የሰውየው ሂሳብ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ፍርዱ ግን እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

አሁን ወደ ተራራው እንውጣ። የአልፕስ ተራሮች 190,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናሉ። ወደ 14 ሚሊዮን ሕዝብ ይኖርባቸዋል። ስምንት አገሮች ይጋሯቸዋል፤ እነሱም ኦስትሪያ፣ ጀርመን፣ ፈረንሣይ፣ ኢጣሊያ፣ ስዊዘርላንድ፣ ስሎቬኒያ፣ ሊክተንስታይንና ሞናኮ ናቸው። ጎርፉም ሆነ ጭሱ ድንበር ስለማያውቅ በ1991 በሳልዝበርግ ከተማ የአልፕስ ስምምነት ተፈረመ። በ1995 በሥራ ላይ ዋለ። ከአገሮቹ ጋር ኅብረቱም ራሱ ፈራሚ ነው። በስምምነቱ ሥር ስለ አፈር ጥበቃ፣ ስለ ተራራ እርሻ፣ ስለ ደን፣ ስለ ቱሪዝም፣ ስለ ኃይልና ስለ ትራንስፖርት፣ እንዲሁም ስለ ሌሎች ጉዳዮች ፕሮቶኮሎች ወጡ። የትራንስፖርቱ ፕሮቶኮል ተራራውን አቋርጦ ለሚያልፍ ጭነት አዲስ ከባድ አውራ ጎዳና ከመሥራት መቆጠብን ግዴታ ያደርጋል። ይህን የመሰለ ጠንካራ ቃል በተራራ ሕግ ውስጥ በቀላሉ አይገኝም።

ይሁንና ስምምነቱ የራሱ ቋሚ ፍርድ ቤት የለውም። የየአገሩን ሪፖርት የሚመረምር ኮሚቴ ነው ያለው። ስዊዘርላንድ ስምምነቱን አጽድቃ ፕሮቶኮሎቹን አላጸደቀችም። ኅብረቱም ቢሆን የትራንስፖርቱን ፕሮቶኮል ያጸደቀው በ2013 ነው። ስለዚህ በአንድ በኩል ስለ ተራራው የሚናገር ነገር ግን ዳኛ የሌለው ስምምነት አለ። በሌላ በኩል ደግሞ ዳኛ ያለው፣ ነገር ግን መነሻው ገበያ የሆነ ሕግ አለ። የሁለቱን ልዩነት ለማየት ከብሬነር በር የተሻለ ቦታ የለም።

ጣርማ በርን ያለፈ ሰው ተራራ ላይ "በር" ማለት ምን እንደሆነ አይጠፋውም። ብሬነር በኦስትሪያና በኢጣሊያ መካከል ያለው በር ነው። ከፍታው 1,370 ሜትር ገደማ ስለሆነ በእኛ አቆጣጠር ከቆላ አያልፍም። ለአልፕስ ግን ዋናው መሻገሪያ ነው፤ በዓመት ከሁለት ሚሊዮን የሚበልጡ የጭነት መኪናዎች ያልፉበታል። ወደ በሩ የሚያደርሰው መንገድ በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ያልፋል። በክረምት ቀዝቃዛው አየር ሸለቆው ውስጥ ይተኛል፤ ከላይ ያለው ሞቃት አየር እንደ ክዳን ይገጥምበታል። የመኪናው ጭስ መውጫ አጥቶ እዚያው ይከርማል። ድምፁ ደግሞ ተዳፋቱን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። ሜዳ ላይ ቢሆን ነፋስ የሚበትነውን ያንኑ ጭስ የሸለቆው ሰው ይተነፍሰዋል ማለት ነው።

ኦስትሪያ በ1995 ኅብረቱን ስትገባ አላፊውን መኪና በጭሱ መጠን በነጥብ የሚቆጥር የመሸጋገሪያ ሥርዓት ይዛ ነበር፤ ጊዜው በ2003 መጨረሻ አበቃ። ከዚያ በፊት ግን በሰኔ 1998 አንድ የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር አውራ ጎዳናውን ወደ 30 ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ዘግቶ ሰላማዊ ሰልፍ አደረገ። የኦስትሪያ ባለሥልጣኖች አልከለከሉትም። ሽሚድበርገር የተባለ የጀርመን የጭነት ኩባንያ መኪናዎቼ ቆመው ከሰርኩ ብሎ የኦስትሪያን መንግሥት ከሰሰ። የዕቃ በነፃ መዘዋወር ከኅብረቱ ምሰሶዎች አንዱ ነውና ኩባንያው የሚጠቅሰው ሕግ አላጣም። ፍርድ ቤቱ በ2003 እንዲህ አለ፤ አዎን፣ የመንገዱ መዘጋት ዝውውሩን አሰናክሏል፤ ነገር ግን ሐሳብን የመግለጽና የመሰብሰብ መብትም የሕጉ አካል ስለሆነ ኦስትሪያ ሰልፉን አለመከልከሏ ጥፋት አይደለም። ሸለቆው ረታ።

ታዲያ ደስታው አልቆየም። የኅብረቱ የራሱ የአየር ጥራት መመሪያ ለናይትሮጂን ዳይኦክሳይድ ወሰን አስቀምጧል፤ በኢን ሸለቆ ያለው አየር ደግሞ ከወሰኑ አለፈ። የቲሮል ክፍለ ሀገር አስተዳደር በ2003 መመሪያውን ይዞ ቆሻሻ፣ ድንጋይ፣ እህል፣ ግንድና ሌሎችም በባቡር ሊሄዱ ይችላሉ ያላቸውን ዕቃዎች የጫኑ፣ ከ7.5 ቶን በላይ የሆኑ መኪናዎች 46 ኪሎ ሜትር በሚሆን የመንገዱ ክፍል እንዳያልፉ ከለከለ። በዚህ ጊዜ ከሳሹ የኅብረቱ ኮሚሽን ራሱ ሆነ። እንግዲህ አስቡት፤ አየሩን አጽዱ የሚለውም፣ መንገዱን ክፈቱ የሚለውም ያው አንድ ሕግ ነው!

ፍርድ ቤቱ በ2005 ኦስትሪያ አጠፋች አለ። ለአየር ጥራት ተብሎ ዝውውርን መገደብ አይቻልም አላለም። ያለው፣ ዋናውን መንገድ ከመዝጋታችሁ በፊት ቀለል ያለ መፍትሔ አልፈለጋችሁም፣ ባቡሩ ያን ሁሉ ጭነት ይችል እንደሆነም በሚገባ አልመረመራችሁም ነው። ቲሮሎች ክልከላውን አሻሽለው መለሱ። በ2011 እንደገና ተረቱ። በዚህኛው ፍርድ ከተነሱት ነጥቦች አንዱ የመኪናዎችን ፍጥነት በቋሚነት በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር መወሰን ለምን አልተሞከረም የሚል ነበር። እነሱም ተስፋ አልቆረጡም፤ በ2014 ፍጥነቱን በ100 ወሰኑ፣ በ2016 ደግሞ የዕቃ ክልከላውን ለሦስተኛ ጊዜ አወጡ። በ2024 ኢጣሊያ በእነዚህ ገደቦች ምክንያት ኦስትሪያን በዚያው ፍርድ ቤት ከሰሰች። ከተራራው ሥር ደግሞ 55 ኪሎ ሜትር የሚሆን የባቡር መሿለኪያ ሲቆፈር ኖሯል፤ ጭነቱን ከመንገድ ወደ ሐዲድ ለማሻገር የታሰበው በእሱ ነው።

ከዚህ ታሪክ እኛ የምናነበው ይህን ነው። ከአገር በላይ ያለ ሕግ በተፈጥሮው የተራራ ወዳጅም ጠላትም አይደለም። የሸለቆውን ሰው ምክንያትህን አምጣ፣ ቁጥርህን አሳይ ይለዋል፤ የጭነት ኩባንያውንም እንዲሁ። ድካሙ ግን እኩል አይደለም። ኩባንያው መንገዱ መዘጋቱን ማሳየት ይበቃዋል። የተራራው ወገን ግን ጭሱን ለክቶ፣ ሌላውን መንገድ ሁሉ ሞክሮ፣ ባቡሩን መርምሮ መቅረብ አለበት። ከ2003 እስከ 2016 አሥራ ሦስት ዓመት የፈጀው ይኸው ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ያ ጭስ ሲተነፈስ መኖሩን መዘንጋት አይገባም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሕግ ስናጠና ግሡን ማየት ይጠቅመናል። "ይጥራሉ"፣ "ያበረታታሉ" የሚል አንቀጽ ፍርድ ቤት ፊት ብዙ አይቆምም፤ "አይሠሩም" የሚል ግን ይቆማል። የአልፕስ የአፈር ፕሮቶኮል በማይረጋ መሬት ላይ የበረዶ መንሸራተቻ መሥራትን የሚከለክለው አንቀጽ በኦስትሪያ ዳኞች ፊት በቀጥታ ሲጠቀስ የቻለው ቃሉ ቁርጥ ያለ በመሆኑ ነው። ዳኛ የሌለው ስምምነትም እንዲህ በአገር ውስጥ ዳኛ በኩል ነፍስ ሊዘራ ይችላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ የስሜን ተራሮችን እናገኛለን። የስሜን ብሔራዊ ፓርክ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ተጻፈ፤ በ2017 ከዚያ ወጣ። በ2023 የባሌ ተራሮችም ተመዝግበዋል። ይህ የ1972 የዓለም ቅርስ ስምምነት ሥራ ነው። ዓለም አቀፍ ሕግ ነው እንጂ ከላይ በገለጽነው መንገድ ከአገር በላይ የሚቆም አይደለም፤ ኃይሉ መዝገቡና ስሙ ነው። ያም ሆኖ ቀላል ኃይል አይደለም። ከሥጋቶቹ መካከል የዋልያ ቁጥር ማነስ፣ ግጦሽና እርሻ ነበሩ። በ2016 በፓርኩ ውስጥ የነበሩት የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወጥተው በደባርቅ ሰፍረዋል።

ዋልያው መዳን እንዳለበት አንከራከርም። ግን የሽሚድበርገር ኩባንያና የቲሮል ሰልፈኛ ሁለቱም ነገራቸውን አንድ ዳኛ ፊት አሰምተዋል። መዝገቡ እንዲህ ያለ ችሎት የለውም። በኮሚቴው ፊት የሚቀርበው መንግሥት ነው። የግጭ ገበሬ አቤት ቢል የሚቆመው በአገሩ ደጅ ነው፤ በዚህ ስምምነት ከዚያ በላይ ያለው ደጅ ለእሱ አልተሠራም። ለተራራ ልማት የሚጻፍ ማንኛውም የጋራ ሕግ ሲነሳ እኛ ቀድመን የምንጠይቀው ይህንን ነው።

ለማስተማር ልምምድ ለምትወጡ ጓደኞቻችን አንድ ሐሳብ እናክል። ክፍሉን ለሁለት ክፈሉት፤ ግማሹ የመኪና ባለቤት፣ ግማሹ የሸለቆ ነዋሪ ይሁን፤ ሦስት ተማሪዎች ዳኛ ይሁኑ። የኢን ሸለቆን ክልከላ በሰሌዳ ላይ ጻፉላቸው። የ2005ን ፍርድ ግን ዳኞቹ የራሳቸውን ፍርድ ሰጥተው እስኪጨርሱ ድረስ አትንገሯቸው።