«1,500 ዋት» የተባለው አምፕሊፋየር በእርግጥ ስንት ዋት ይሰጣል?

የመኪናዎን ድምፅ ለማሻሻል ወደ ዲኮር ቤት ጎራ ቢሉ፣ ዓይንዎ መጀመሪያ የሚያርፈው ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ላይ ነው፦ «1,500 ዋት!» እኛ በማርኬቲንግ ሙያ ላይ ያለን ሰዎች እንደምናውቀው፣ እንዲህ ጎልቶ የሚጻፍ ቁጥር የሚመረጠው ዕቃውን እንዲሸጥ ነው።

ከቁጥሩ አጠገብ አብዛኛውን ጊዜ «ማክስ» ወይም «ፒክ» የሚል ቃል ያገኛሉ። ይህ መሣሪያው ለቅጽበት ሊደርስበት ይችላል የተባለ ጣሪያ ነው። ሙዚቃው እስካለ ድረስ ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ኃይል የሚነግርዎ «አር ኤም ኤስ» የሚለው ቁጥር ነው።

እሱንም ካላመኑት የአምፕሊፋየሩን ፊውዝ ይዩ። ሞተር ሲሠራ የመኪና ኤሌክትሪክ 14 ቮልት ገደማ ነው። ፊውዙ ባለ 30 አምፔር ከሆነ 30 በ14 ሲባዛ 420 ዋት ይሆናል። ሁለት ፊውዝ ካለው ይደምሯቸው። ይህ ወደ መሣሪያው የሚገባው ኃይል ነው፤ ከዚህም ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። «ክላስ ኤቢ» የሚባለው ዓይነት ግማሽ ያህሉን፣ «ክላስ ዲ» ደግሞ 80 በመቶ ያህሉን ወደ ስፒከር ያደርሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው 210፣ ሁለተኛው ደግሞ 336 ዋት ገደማ ቢሰጥ ነው። በዚህ ፊውዝ 1,500 ዋት ያለማቋረጥ ማግኘት የማይታሰብ ነው።

ዋት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ በእጥፍ እንደማይጨምርም ልብ ይበሉ። ልዩነቱ 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ጆሮ የሚሰማው ትንሽ ጭማሪ ነው። ልጆች ለሚሳፈሩበት የቤተሰብ መኪና በእያንዳንዱ ስፒከር 50 እውነተኛ ዋት ከበቂ በላይ ነው።

ከመክፈልዎ በፊት ሻጩን «በ4 ኦም አር ኤም ኤሱ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልሱን ከስፒከርዎ አር ኤም ኤስ ጋር ያስተያዩ። «ሲቲኤ-2006» የሚል ምልክት ካለበት፣ ኃይሉ የተለካው በወጥ መመዘኛ ነው ማለት ነው።

ሲያስገጥሙም ወፍራም ገመድ ይምረጡ፤ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ያስገቡ። ፊውዝ በተቃጠለ ቁጥር «ከፍ ያለ ልግጠምልዎ» የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎ እሺ አይበሉ፤ ገመዱ ግሎ መኪናው እሳት ሊነሣበት ይችላል።