በአፎቱ ውስጥ የሚያንኳኳው ሳንቃ፦ ተረትና እውነታ

ትንሽ የሸራ ጀልባ ያለው ሰው፣ በእንግሊዝ አገር የወንዝና የባሕር መገናኛ ከሆኑት ሥፍራዎች በአንዱ መልሕቁን ጥሎ ሊያርፍ ጋደም ባለ ጊዜ፣ ከወለሉ በታች ደጅ የሚመታ እንግዳ የመጣ ይመስል ኳ ኳ የሚል ድምፅ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ቢነሳው፣ ማልዶ የሚያነሣው መሣሪያ የቡሎን መፍቻ፣ የሚያስበውም ነገር ማጥበቅ ብቻ ይሆናል።

ድምፁን የሚያሰማው ባሕረኞች ሴንተርቦርድ የሚሉት የመካከል ሳንቃ ነው። ይህ ሳንቃ በጀልባይቱ ወለል መካከል በቁመት በተሠራ ጠባብ ቤት ውስጥ፣ ጎራዴ በአፎቱ እንደሚከተት ተከትቶ ይኖራል፤ በራሱ በኩል በሚያልፍ አንድ ቡሎን ላይ እየዞረም ሲፈለግ ወደ ውኃው ይወርዳል፣ ሳይፈለግ ይነሣል። ግብሩ፣ ነፋስ ሸራውን ከጎን ሲገፋ ጀልባይቱ ወደ ጎን እንዳትንሸራተት በውኃው ውስጥ መቃወም ነው። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኰንን ጆን ሻንክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1774 በቦስተን ተንሸራታች ሳንቃ ያላት ጀልባ ሲያሠራ፣ የኒው ጀርሲዎቹ የስዌን ወንድማማቾችም በ1811 በጀልባ ወለል መካከል ለሚያልፍ ሳንቃ የፈጠራ መብት ሲቀበሉ፣ የፈለጉት ነገር ጥልቅ ባሕርንም ጥልቀት የሌለውን ዳርቻም የምትችል ጀልባ ነበረ፤ ይህም የሚገኘው ሳንቃው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። እንግዲህ ጥቂት መላላት የሳንቃው ጠባይ እንጂ ደዌው አለመሆኑን ያልተረዳ ሰው፣ ከዚህ በታች ከተጻፉት ተረቶች በአንዱ መሳቱ አይቀርም።

አንደኛው ተረት፦ ድምፁ ጀልባይቱ ልትሰበር መቃረቧን ይነግራል።

እውነታው፦ ድምፁ የሚመጣበትን ጊዜ ያስተዋለ ሰው ምሥጢሩን ያገኘዋል። ጀልባይቱ ወደ ነፋሱ አቅጣጫ ሰያፍ ስትሄድ፣ የውኃው ግፊት ሳንቃውን በአፎቱ አንድ ግድግዳ ላይ አጣብቆ ስለሚይዘው ዝም ይላል፤ ዞራ ነፋሱን በሌላው ጎኗ ስትቀበል አንድ ጊዜ ብቻ መትቶ ወደ ማዶው ግድግዳ ይሻገራል። ነፋስ ከኋላ ሲነዳት ወይም መልሕቅ ጥላ ስትቆም ግን የሚይዘው ግፊት ስለሌለ፣ በደወል ውስጥ እንደ ተንጠለጠለ ምላስ ወዲያና ወዲህ ይላል። እንዲህ ያለው መወዛወዝ ጀልባን እንደማይሰብርም ምስክር አለ፤ ኢያን ፕሮክተር በ1957 የነደፋት፣ ርዝመቷ 5 ሜትር የማይሞላው ዌይፌረር የተባለችው ጀልባ በቡሎን ላይ የሚዞር ሳንቃ ያላት ስትሆን፣ ባሕረኛው ፍራንክ ዳይ ከአንድ ባልንጀራው ጋር በ1963 ከስኮትላንድ እስከ አይስላንድ ድረስ ተጉዞባታል። ሆኖም ድምፁ በድንገት የበረታ፣ ወይም ከቡሎኑ ሥር ውኃ የሚያዥ እንደ ሆነ ጀልባይቱን ወደ የብስ አውጥቶ መመርመር ይገባል።

ሁለተኛው ተረት፦ ቡሎኑን ማጥበቅ ይበቃል።

እውነታው፦ ቡሎኑ የተሠራው ሳንቃውን ሊሸከም እንጂ ቆንጥጦ ሊይዝ አይደለም። ዳዶው በተጠበቀ ቁጥር የአፎቱ ሁለት ግድግዳዎች ወደ ውስጥ ስለሚሳቡ፣ ፋይበርግላሱ ይሰነጠቃል፣ ከወለሉ ጋር የተጋጠመበትም ሥፍራ ውኃ ማስገባት ይጀምራል፤ የሳንቃው ራስ ታንቆ ሳለም የታችኛው ወገን እንደ ቀድሞው ማንኳኳቱን አይተውም። ከቡሎኑ ሥር የሚገባው የጎማ ሮንዴላ ውኃን ለመከልከል የተቀመጠ ነውና፣ ድምፅን ያጠፋል ብሎ እርሱን መጨፍለቅ ከንቱ ድካም ነው።

ይልቅስ ጀልባይቱ በየብስ ሳለች የሳንቃውን ጫፍ በእጅ ይዞ መነቅነቅ ይሻላል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከሄደ፣ ቡሎኑ ወይም የሚያልፍበት ቀዳዳ ተበልቷል ማለት ነው፤ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ከሄደ ግን ጥፋቱ በሳንቃውና በአፎቱ መካከል ያለው ክፍተት መብዛቱ ነው። የተበላ ቀዳዳ ሰፋ ተደርጎ ይበሳና ኢፖክሲ በሚባል በወፈረ ሙጫ ይሞላል፤ ኢፖክሲው ከደረቀ በኋላ በቡሎኑ ልክ እንደ ገና ይበሳል፣ ወይም ቦኮላ ይገባለታል።

ሦስተኛው ተረት፦ ክፍተቱን በሽብልቅ መድፈን ነው።

እውነታው፦ ማረሻው የላላበት ገበሬ ሽብልቅ መትቶ ማጥበቁ የተቃና ሥራ ነው፤ ማረሻ በቦታው ጸንቶ ሊቆም ይገባዋልና። የመካከል ሳንቃ ግን እንጨት ከሆነ በውኃ ያብጣል፤ አሸዋና ቅርፊትም ወደ አፎቱ ይገባል፤ ከሁሉም በላይ ከድንጋይ ጋር በተጋጨ ጊዜ ወደ ኋላ ዞሮ መነሣት አለበት፤ በሽብልቅ የተቸነከረ እንደ ሆነ የግጭቱን ኃይል አፎቱ ይቀበለዋል።

ትክክለኛው መድኃኒት፣ የሳንቃውን እንጨት አስቀድሞ በኢፖክሲ ከውኃ ጠብቆ፣ በሁለቱም ጎኖቹ ላይ ስስና ሙልጭልጭ የፕላስቲክ ዝርግ ማጣበቅ ነው፤ አንዱ ጥንድ በራሱ አጠገብ፣ ሌላው ጥንድ ሳንቃው ሲወርድ ከአፎቱ አፍ ጋር በሚነካካበት ሥፍራ ይሁን። በየጎኑ 1 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ይተዋል፤ ሳንቃው ጥቂት ቀን በውኃ ከቆየ በኋላም ያለ ችግር መውረዱና መነሣቱ ይፈተናል። ቀላል የእንጨት ሳንቃ በራሱ ወደ ላይ ስለሚንሳፈፍ ታች የሚይዘው ላስቲክ ወይም ጥቂት ሰበቃ ያሻዋል፤ ይህ ግን ከመቸንከር የተለየ ነው። በአፎቱ አፍ ላይ የሚለጠፈው የጎማ ከንፈርም የውኃውን መንቦጫረቅ ያስታግሳል እንጂ ኳኳታውን አያስቀርም።

አራተኛው ተረት፦ እንደ ንብ የሚያዜመው ድምፅም ከመላላት የመጣ ነው።

እውነታው፦ ኳኳታ የጀልባይቱን ፍጥነት አይከተልም፤ ዜማው ግን ፍጥነቷ በጨመረ ቁጥር ይቀጥናል። ውኃው ከሳንቃው የኋላ ጠርዝ ሲላቀቅ አንድ ጊዜ በቀኝ አንድ ጊዜ በግራ ትናንሽ አዙሪቶችን እየፈጠረ ጠርዙን ያንቀጠቅጠዋል፤ ነፋስ የስልክ ሽቦን የሚያስጮኸውም በዚሁ ሕግ ነው፤ የቼክ ተወላጁ የፊዚክስ ሊቅ ስትሮሃል በ1878 የመረመረውም ይህንኑ የሽቦ ዜማ ነበረ። ስለዚህ መድኃኒቱ ቡሎኑ ዘንድ አይገኝም፤ ክብ የሆነውን ወይም የወፈረውን የኋላ ጠርዝ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት አቅጥኖ፣ ማዕዘኑን ስል ማድረግ ወይም ወደ አንድ ጎን ሰያፍ አድርጎ መቁረጥ ነው።

አምስተኛው ተረት፦ ሳንቃው የጀልባይቱ ሚዛን ስለ ሆነ ከቶ አይነሣም።

እውነታው፦ ይህ በአንዲቱ ጀልባ ሐሰት፣ በሌላይቱ እውነት ነው። እንደ ዌይፌረር ያለችውን ቀላል ጀልባ ቀጥ አድርጎ የሚያቆማት ስፋቷና የተሳፋሪዎቿ ክብደት ስለ ሆነ፣ ነፋስ ከኋላ ሲመጣ ሳንቃውን በመጠኑ፣ መልሕቅ ሲጣል ደግሞ ፈጽሞ ማንሣት ይቻላል። ነገር ግን ከ1969 ጀምሮ የተሠራችው ካታሊና 22፣ ተዘዋዋሪ ሳንቃ ያላት ዓይነት ከሆነች፣ ከሥሯ የሚንጠለጠለው 250 ኪሎ ያህል የሚመዝን ብረት ስለ ሆነ፣ በጉዞ ላይ ሳለች ድምፁን ለማጥፋት ብሎ እርሱን ማንሣት ሚዛኗን መንሣት ነው።

እንግዲህ ያ እንቅልፍ ያጣው ሰው ጀልባው ከቀላሎቹ ወገን ከሆነች፣ መፍቻውን ፍለጋ ከመነሣቱ በፊት በጨለማው እጁን ዘርግቶ የሳንቃውን ገመድ ይሳብ፤ ሳንቃው ወደ አፎቱ ገብቶ ሲያርፍ እንግዳው ደጅ መምታቱን ይተዋል። በነጋ ጊዜም ጀልባይቱን ወደ የብስ አውጥቶ፣ ጫፉን በእጁ ነቅንቆ፣ ክፍተቱን ለክቶ፣ የሚገባውን ያህል ብቻ ያጥብብ፤ የሚገባውን ያህልም ይተው።