ያውቁ ኖሯል? አዲስ አበባ ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል

የኬሚስትሪ መጽሐፍ «ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል» ሲል በባሕር ወለል ላይ ስላለው የአየር ግፊት መናገሩ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ የማታንሰው አዲስ አበባ ላይ ግን ውሃው በ92 ዲግሪ አካባቢ ይንተከተካል። አየሩ ሳሳ ሲል ፈሳሹን ከላይ የሚጫነው ግፊት ስለሚቀንስ ሞለኪውሎቹ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ ያን ያህል ሙቀት አያሻቸውም።

ደጋ ላይ ባቄላና ሽምብራ አልበስል የሚሉት ለዚህ ነው። እሳት ቢጨምሩበት ውሃው ቶሎ ተንኖ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ ከፍ አይልም! ክዳኑ ግጥም ብሎ የሚዘጋው ፕሬዠር ኩከር ግን እንፋሎቱን አምቆ ግፊቱን ስለሚያሳድግ ውሃው እስከ 120 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል።

ከባሕር ወለል በታች ባለው ዳሎል ደግሞ ንጹሕ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪን በጥቂቱ አልፎ ነው።