ግራፋይት ይዝጋል ወይስ ይነቅዛል?

«ኮሮዥን» የተባለውን የባዕድ ቃል «ዝገት» ብሎ መተርጎም የተለመደ ነው። ለብረት ይበቃል፤ ብረት ሲዝግ ከአየር ኦክስጅን ወስዶ ቀይ ቅርፊት ያወጣልና። ስለ ኑክሌር ማብላያ ግራፋይት ስንጽፍ ግን ቃሉ ያሳስታል።

ግራፋይት ካርቦን ነው። (በመጻፊያ እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ግራፋይት ነው፤ እርሳስ የተባለው ማዕድን ከስሙ በቀር ድርሻ የለውም።) ከ1956 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. በሠራው በብሪታንያ የኮልደር ሆል ጣቢያ ኒውትሮንን የሚያዘገየው ግራፋይት፣ ሙቀቱን የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። ይህ ጋዝ እጅግ በጋለ ግራፋይት ላይ ሲያልፍ ካርቦኑን እየወሰደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል፤ 12 ግራም ካርቦን ከ44 ግራም ጋዝ ጋር ተዋሕዶ 56 ግራም ይወጣል። ቅርፊት የለም፤ ጠጣሩ ራሱ ጋዝ ሆኖ ይሄዳል።

ይኸው ነገር በአንኮበር ቀጥቃጭ ምድጃም ይፈጸማል። ወናፉ ከሥር የነፋው አየር ከሰሉን አቃጥሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ያስገኛል፤ እርሱም በላይኛው ፍም መካከል ሲያልፍ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሆናል። በፍሙ ራስ ላይ የሚታየው ሰማያዊ ነበልባል የዚህ ጋዝ መቃጠል ነው። በደብረ ብርሃን ብርድ በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል አንድዶ የሚተኛን ሰው የሚገድለውም ሽታ አልባ ጋዝ ይኸው ነው። «ዝገት» የሚለው ቃል ከዕቃው መርዝ እንደሚወጣ ፈጽሞ አያስጠረጥርም።

እኔ «ንቅዘት»ን እመርጣለሁ። የነቀዘ ማሽላ ቅርፊቱ እንዳለ ውስጡ ባዶ ነው። ግራፋይትም በተፈጥሮው ቀዳዳማ ስለሆነ ጋዙ ወደ ውስጥ ዘልቆ ይበላዋል፤ መልኩ ሳይለወጥ ከክብደቱ አንድ ዐሥረኛውን ያጣ ግራፋይት ከጥንካሬው ግማሽ ያህሉን ሊያጣ ይችላል። ነቀዝ በደብረ ብርሃን ደጋ ደክሞ ወደ አልዩ አምባ ቆላ ሲወርዱ እንደሚበረታ ሁሉ፣ ይህም ውሕደት ከሙቀት ጋር ይፋጠናል። ቃሉ ዛሬ ለሹማምንት ብልሹነት መነገሩ አያግደውም፤ እህሉ ቀደምት ባለቤት ነው።

ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እያለፈ ሲሄድ ግን ጋዙ ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ላዩ ላይ ያልቃል፤ ዕቃው ከውጭ ወደ ውስጥ ይመነምናል። ያን ጊዜ «ንቅዘት» አይስማማም፤ «መበላት» ይሻላል። «መሸርሸር» ለጎርፍና ለአፈር ይቆይ።

በአገባብም «ግራፋይቱ ነቀዘ» እንጂ «ተነቀዘ» አይባልም፤ አድራጊው ሲጠቀስ «ጋዙ ግራፋይቱን አነቀዘው» ይባላል።