ካርታው ላይ የሌሉት ባለቤቶች

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚገዛ ሰው ደላላውንና ፎርጅድ ካርታውን ይፈራል። ክፍለ ከተማ ሄዶ ካርታው ትክክለኛ መሆኑን፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ካጣራ ልቡ ያርፋል፤ ቀብድ ይከፍላል። ክፉው ጣጣ ግን ከጨዋ ቤተሰብም ይመጣል። ብዙም የማይወራለት መነሻው ሳይከፋፈል የከረመ ውርስ ነው።

የተለመደውን እንውሰድ። አባት ይሞታሉ። እናት በሕይወት እያሉ «እንካፈል» የሚል ልጅ ነውረኛ ስለሚባል ማንም አያነሳውም። ካርታው በሟች ስም እንዳለ ሃያ ዓመት ይቆያል። ከዚያ እናትም ያርፋሉ፤ ከአምስቱ ልጆች አንዱ ሦስት ልጆች ትቶ ይሞታል፤ አንዷ ሪያድ፣ አንዱ ዋሽንግተን ናቸው። አምስት የነበሩት ባለድርሻዎች ሰባት ሆነዋል። ገዢ ፊት የሚቀርበው ግን ግቢው ውስጥ የሚኖረው ታላቅ ወንድም ብቻ ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋራ ንብረትን ለመሸጥ የሁሉንም ባለሀብቶች ስምምነት ይጠይቃል። አንዱ የራሱን ድርሻ ብቻ መሸጥ ይችላል፤ የቀሩት ግን «ከባዕድ ይልቅ እኛ እንውሰደው» የማለት የቀዳሚነት መብት አላቸው። ባይጠቀሙበትም ገዢው ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ግቢ ተጋሪ ይሆናል።

«እህታችን ውክልና ልካለች» የሚለውም ቢሆን ያጠራጥራል። ቤት ለመሸጥ ተብሎ በግልጽ ያልተጻፈ ውክልና ቤት አያሸጥም፤ ወካይዋ ከሞተች ደግሞ በመርህ ደረጃ ያከትማል።

ለባልና ሚስት ሕጉ ቢያንስ ጊዜ ቆርጧል። በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንዱ ስም የተመዘገበን ንብረት እንኳ የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ የጋራ ነው ይላል። ያልተስማማው ወገን ሽያጩ እንዲፈርስለት ባወቀ በስድስት ወር፣ ቢበዛ ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት።

ስለ ተዘለለ ወራሽ እንዲህ በአጭሩ ማለፍ አይቻልም። የወራሽነት ማስረጃ የሚሰጠው አመልካቹ ባቀረበው ማስረጃና በምስክሮች ቃል ነው፤ ምስክር ያልጠራው ልጅ ወረቀቱ ላይ የለም። በኋላ ብቅ ሲል ገዢው ክስ ውስጥ ይገባል። ውሉ ከፈረሰ ሻጭ ገንዘቡን ይመልስ ይባላል፤ ብሩን ግን ወንድማማቾቹ ተካፍለው በልተውታል። ከዓመታት ክርክር በኋላ ቢመለስ እንኳ ያው የድሮው ብር በዚያው ሰፈር ሰርቪስ ቤት እንኳ መግዛቱ ያጠራጥራል።